ኢቫንጌሊዮን፣ አዲሶቹ አራት ፊልሞች፦ ሶስተኛው ላይ ሁሉም ሰው ለምን ተናደደ? ስፖይለር አለው

የቀበና_ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ አራተኛውን ጨረስኩ፣ ስሞቹ ወጥተው እስኪያልቁ ቁጭ ብዬ አየሁ፣ ከዛ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ስለዚህ እዚህ ልተንፍሰው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ኢቫንጌሊዮን በ1995 እ.ኤ.አ ጃፓን ቲቪ ላይ የጀመረ 26 ክፍል አኒሜ ነው፣ የ14 ዓመት ልጆች ግዙፍ ሮቦት ውስጥ ገብተው ኤንጀል ከሚባሉ ፍጥረቶች ጋር ይዋጋሉ፣ ዳይሬክተሩ ሂዴያኪ አኖ ነው። ያው ሰውዬ ከ2007 ጀምሮ ታሪኩን ከመጀመሪያው አንስቶ እንደገና በአራት ፊልም ሰራው፣ 2007፣ 2009፣ 2012፣ የመጨረሻው 2021።

እኔ ተከታታዩን ያየሁት ኮሌጅ እያለሁ ፊልም ከሚጭኑ ቤቶች ፍላሽ ላይ አስጭኜ ነው። አንደኛውንና ሁለተኛውን ፊልም ባንድ ሌሊት ጨረስኳቸው፣ ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ዋናው ልጅ ሺንጂ ሌላዋን ተዋጊ ልጅ ሬይን ለማውጣት እጁን ሲዘረጋ ብድግ ብዬ ቆሜ ነበር የማየው። ሶስተኛውን ግን 40 ደቂቃ ላይ ዘጋሁት፣ መዝጋት ብቻ አይደለም ከፍላሹም አጠፋሁት። ከዛ በኋላ ለዓመታት ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ሪሜኩን፣ እንደገና የተሰራውን፣ ተወው ዋናውን እይ ነበር መልሴ።

አሁን ያስጨረሰኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱ የቲቪውን ጭራሽ አላየም፣ ፊልሞቹን ብቻ በተርታ ነው የሄደባቸው፣ እና ሶስተኛው ላይ ምንም አልመሰለውም። "ልጁ ተኝቶ ተነሳ፣ ዓለም ተቀይሯል፣ እሱም አልገባውም እኔም አልገባኝም፣ እኩል ነን" አለኝ። ይቺ ነገር አልወጣልኝ አለች። እኔ ያኔ ምን ፈልጌ ነበር? እናንተስ መጀመሪያ ስታዩት ምን ተሰማችሁ?

ሸገር_አኒሜ
እኔ አንደኛውን አይቼ ነው ያቆምኩት ወንድሜ። ከክፍል 1 እስከ 6 ያለውን መልሶ ነው ሚያሳይህ፣ ያው ትዕይንት ያው ንግግር ቀለሙ ጠራ እንጂ ምንም አልተጨመረም። አንድ ሰው የሰራውን ጥሩ ስራ ለምን ይደግመዋል? የቲቪው ላይ ብር አልቆባቸው ጊዜ አጥሯቸው እንኳን የወጣው ነገር ልብ ይነካል፣ ያ ሻካራነቱ ራሱ የታሪኩ አካል ነው ለኔ። አሁን ሁሉ ነገር ሲያብረቀርቅ ሺንጂ ራሱ የሚፈራ አይመስለኝም።

ሳይ_ስእል
ሸገር ይሄን ብዙ ሰው ይለዋል ግን ተረጋግተህ አስተያይተኸዋል ወይ? እኔ ስራዬ ስዕል ነው፣ ማስታወቂያ የሚሰራ ቤት አኒሜሽን ነው የምሰራው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ ፍሬም በፍሬም አይቻቸዋለሁ። መጀመሪያ ባህሩ ቀይ ነው። ገና ከመክፈቻው። የቲቪውን ያየ ሰው ቀዩን ባህር የሚያውቀው ተከታታዩን ከዘጋው ከ1997ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ ነው፣ ስለዚህ አዲሱ ሲጀምር ከዛ ቀለም ጀመረ ማለት ነው፣ ይሄን ያለምክንያት አያደርጉትም። ቀጥሎ አለቃው ሚሳቶ ሺንጂን ምድር ቤት ይዛው ወርዳ እዛ የተደበቀችውን ግዙፍ ፍጥረት ሊሊትን ታሳየዋለች፣ ምን እየጠበቀ እንደሆነ አውቆ ነው የሚዋጋው። በቲቪው እኮ በዛ ሰዓት ሚሳቶ ራሷም አላየችውም።

ከሁሉም በላይ ግን ያ ሰማያዊ ባለ ስምንት ገፅ አልማዝ የሚመስለው። በ1995 ስራው በእጅ ነበር፣ ሰማይ ላይ ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ከስሩ መሰርሰሪያ ያወርዳል፣ ይተኩሳል፣ በቃ። 2007 ላይ በኮምፒውተር ሲሰራ ከእያንዳንዱ ተኩስ በፊት ቅርፁ ይገለበጣል፣ ይከፈታል፣ ኮከብ ይሆናል፣ መስቀል ይሆናል፣ መልሶ ይሰበሰባል፣ እና ሲመታ ይጮሃል። አንድ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ ብል አልዋሸሁም። ፊት የለው እጅ የለው፣ ግን እንደሚያስብ ታውቃለህ። ግልባጭ ነው የምትለው እንዴት እንደሆነ አልገባኝም።

ጨለማው_ሰፈር
እሷ ክፍል! ያሺማ ኦፕሬሽን። ለማታስታውሱ፣ አንዱን ጠመንጃ ለመተኮስ የመላው ጃፓን መብራት ይሰበሰባል፣ 180 ሚሊዮን ኪሎዋት። ከተማው በየተራ ድርግም ድርግም እያለ ሲጠፋ ከላይ ያሳያል። እኔ ይሄን ያየሁት ማታ ነው፣ ላፕቶፔ በባትሪ፣ ሰፈሩ መብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ፣ መስኮቴ ላይ ሻማ ብቻ ነው ያለው። ሁልጊዜ መብራት ሲጠፋ የሚመጣብኝ ንዴት ነው፣ ያን ቀን ግን ፊልሙ ላይ መብራቱን የሚያጠፉት ሰዎች ለአንድ ፈሪ ልጅ ብለው ነው የሚያጠፉት። ማንነቱን አያውቁትም። አለቀስኩ በቃ።

በኋላ ደግሞ ያነበብኩት በ2011 መጋቢት ላይ ጃፓን ያ ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ደርሶ የመብራት እጥረት ሲመጣ፣ አድናቂዎቹ ያሺማ ኦፕሬሽን ብለው መብራት ቆጥቡ የሚል ዘመቻ ኢንተርኔት ላይ ጀመሩ። ከካርቱን የወጣ ስም ሰው ቤቱን አጨልሞ እንዲቀመጥ አደረገ። አንድ ፊልም ከዚህ በላይ ምን እንዲሰራ ትፈልጋላችሁ።

የመሪጌታ_ልጅ
ሳይ ያ አልማዙ ያልከው በቲቪው ስም ነበረው፣ ራሚኤል። አዲሶቹ ፊልሞች ላይ ግን ስም የለውም፣ 6ኛው ኤንጀል ብቻ ነው። ሳኪኤል፣ ሻምሼል፣ ሁሉም ስማቸው ተነስቶ ቁጥር ሆነዋል፣ ቁጥሩም ራሱ ባንድ ተገፍቷል፣ ድሮ 5ኛ የነበረው አሁን 6ኛ ነው።

ለሌላው ተመልካች ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፣ እኔን ግን በጣም ነው ያስከፋኝ። መጀመሪያ ራሚኤል የሚለውን ከጃፓን ካርቱን ስሰማ ክው ነው ያልኩት። አባቴ የቅኔ መምህር ነበር፣ ሮጬ ሄጄ ጠየቅሁት፣ መጽሐፈ ሄኖክን አውጥቶ ምዕራፍ 6 ላይ የእነዛን ከሰማይ የወረዱትን አለቆች ስም ዝርዝር በጣቱ እየሄደ አሳየኝ፣ እዛ ውስጥ አለ። ሄኖክ እኮ ሙሉው ሳይጎድል የተረፈው በኛ በግዕዙ ነው፣ ሌላ ቦታ ቁርጥራጭ ነው ያለው። አባቴ ያን ቀን ከጎኔ ተቀምጦ አንድ ክፍል አብሮኝ አየ፣ መጀመሪያና መጨረሻው ጊዜ ነው። ምንም አላለም፣ ሲያልቅ ብቻ "ስሙን አውቀው ነው ያመጡት" አለ። ስለዚህ ፊልሙ ላይ ስሙ ሲጠፋ ከኔ የሆነ ነገር የተወሰደብኝ ነው የመሰለኝ።

ሳይ_ስእል
ይሄን አላውቅም ነበር ወንድሜ፣ አባትህን ነፍስ ይማር ካረፉ። ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ጃፓንኛው ላይ ኤንጀል አይደለም የሚላቸው፣ ሺቶ ነው የሚላቸው፣ ሐዋርያ ማለት ነው። የተላከ። ኤንጀል የሚለው እንግሊዝኛ ግን ራሱ የጃፓኑ ስራ ላይ የተፃፈ ነው።

የመሪጌታ_ልጅ
አርፏል፣ አሜን። ሐዋርያ ከሆነማ ነገሩ ሌላ ነው፣ ማን ላካቸው የሚል ጥያቄ ያመጣል። እንደገና ከመጀመሪያው ላየው ነው።

አዋላጇ
እኔ ስለ ፊልም ቴክኒክ አላውቅም፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ግን ይሄን ፊልም ሳይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሮቦቱ ጀርባ ላይ የሚሰካው የኤሌክትሪክ ገመድ ስሙ አምቢሊካል ኬብል ነው። እትብት ማለት ነው። ከተቆረጠ በውስጡ ያለው ባትሪ ለ5 ደቂቃ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ልጁ የሚቀመጥበት ቱቦ ደግሞ በፈሳሽ ይሞላል፣ ፈሳሹን እየተነፈሰ ነው የሚዋጋው፣ እንሽርት ውሃ ውስጥ እንዳለ ፅንስ። እና ሮቦቱ ውስጥ ያለችው ነፍስ የእናቱ ናት!! እንግሊዝኛውን የሚሰማ ሰው አምቢሊካል ሲባል ገመድ ብሎ ያልፈዋል። እኛ እትብት ስንል ግን እትብቴ የተቀበረበት እንላለን፣ ቤት ማለት ነው፣ መመለሻ ማለት ነው።

አራተኛው መጨረሻ ላይ ሺንጂ ኢቫ የሚባሉትን ሮቦቶች ሁሉ አጥፍቶ ራሱንም ሊያጠፋ ሲል እናቱ ከኋላው መጥታ ገፍታ ታስወጣዋለች፣ እሷ በሱ ቦታ ትቀራለች። ሌሎቹ ስለ ጦሩ ስለ ምስጢሩ ያወራሉ፣ እኔ ያየሁት ግን ምጥ ነው። በየቀኑ የማየው። ልጁ 14 ዓመት ሙሉ አልተወለደም ነበር፣ ያን ቀን ተወለደ። የቲቪው ላይ ይሄ የለም፣ የ1997ቱም ላይ እናትየው ልጇን ትታ ወደ ህዋ ትሄዳለች እንጂ እንዲህ አታወጣውም። ስለዚህ ሪሜኩ ለምን ተሰራ ለሚለው የኔ መልስ ይሄ ነው።

ገና_ጀማሪ
ወይኔ ርዕሱ ላይ ስፖይለር እንዳለው አይቻለሁ ግን እስከዚህ ድረስ አልጠበኩም ነበር። የቲቪው ክፍል 9 ላይ ነኝ። ጨርሼ እመለሳለሁ፣ ክሩን እንዳትዘጉት። ቅደም ተከተሉን ብቻ ንገሩኝ።

የቀበና_ልጅ
26ቱን ክፍል ጨርስ፣ ከዛ የ1997ቱን ፊልም፣ ከዛ አራቱን በወጡበት ተርታ። አትዝለል። ወንድሜ ያለ ቲቪው አይቶ ወዶታል፣ አንተ ግን ከጀመርክ አይቀር ሙሉውን ውሰደው። የመጨረሻው 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፣ ቀን መርጠህ እየው።

ሲልቨርስፕሪንግ_77
ወደ ጥያቄው እንመለስ፣ ሶስተኛው። እኔ ንዴቴ እስካሁን አልበረደም፣ ምክንያቴንም በደንብ ላስረዳ። ሁለተኛው በ2009 አልቆ የሚቀጥለው ፊልም ቅምሻ አሳይቶን ነበር፣ የሚገርሙ ትዕይንቶች ነበሩ። ሶስት ዓመት ጠበቅን። 2012 ሲወጣ ከነዛ ትዕይንቶች አንዱም የለም። 14 ዓመት ዘሎ ሄዷል። ሺንጂ ይነቃል፣ ሁሉም ፊታቸውን ያዞሩበታል፣ እንደ እናት የነበረችው ሚሳቶ አንገቱ ላይ ፈንጂ ታስርለታለች፣ ምንም አታድርግ ትለዋለች። አብራው ትዋጋ የነበረችው አስካ መስታወቱን በቡጢ ትሰነጥቃለች። የጓደኛው እህት እባክህ ኢቫ ላይ ብቻ አትውጣ እያለች ትለምነዋለች። እና አንድም ሰው፣ አንድም ሰው፣ ቁጭ አድርጎ "እንዲህ ሆነ፣ አንተ ስትተኛ ይሄ ደረሰ" አይለውም! አምስት ደቂቃ ቢያወሩት የሚቀጥለው ጥፋት ሁሉ አይመጣም ነበር። ይሄ የአፃፃፍ ድክመት ነው ለኔ፣ ሰዎቹ የማያወሩት ፊልሙ እንዲቀጥል ነው። አራተኛውን በ2022 መጨረሻ እዚህ አሜሪካ ሲኒማ ሲገባ በትልቅ ስክሪን አየሁት፣ ጥሩ ነው፣ አከብረዋለሁ፣ ግን ሶስተኛውን አያጥብልኝም።

ሸገር_አኒሜ
ይሄን ነው እኮ የምለው። ትክክል።

ከጂዳ_መልስ
ክሩን ከላይ እስከታች አነበብኩት፣ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን ልፃፍ።

19 ዓመቴ ላይ ጂዳ ሄድኩ፣ 9 ዓመት ቆየሁ። ስመለስ ከኤርፖርት ታክሲው ሰፈሬ ሲደርስ እኔ ነኝ ቁም እዚህ አይደለም ያልኩት፣ እዛው ነበር። የግቢው በር ተቀይሯል፣ የነበረው የጊሽጣ ዛፍ የለም፣ ጎረቤት ያለው ቤት ፎቅ ሆኗል። ትንሹን ወንድሜን ሁለተኛ ክፍል ጥዬው ነበር፣ ፂም አብቅሎ መጥቶ ጨበጠኝና "እንደምን ነዎት" አለኝ። አንቱ አለኝ። እኔ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ። አልረሳውም ያንን።

እና አያቴን ጠየቅሁ፣ የት አለች ብዬ። ቤቱ ዝም አለ። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። አክስቴ ቡና ይፈላ እያለች ሌላ ወሬ ጀመረች። አያቴ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነበር። በስልክ በየሳምንቱ እናወራለን፣ ስጠይቅ ተኝታለች፣ ቤተክርስቲያን ሄዳለች ይሉኛል፣ ብቻዬን በሰው አገር ሆኜ እንዳልጎዳ ብለው ነው። ከመጣሁም በኋላ ሁለት ቀን አልነገሩኝም። ሁለት ቀን ሁሉም ፊቴን ማየት ይከብዳቸዋል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም፣ እኔን የጠሉኝ ነው የመሰለኝ።

ሶስተኛውን ፊልም ያየሁት ከዛ ሁለት ዓመት በኋላ ከዛው ወንድሜ ጋር ነው። ሲልቨርስፕሪንግ አንተ የፃፍከውን ወንድሜም በዛው ድምፅ "ለምን አይነግሩትም!" ብሎ ጮኸ። እኔ አየሁት። እሱም ትንሽ ቆይቶ አየኝ። ከዛ ቪዲዮውን አቆመና ምንም ሳይል ትከሻዬ ላይ ተደገፈ።

ሰዎቹ የማያወሩት ፊልሙ እንዲቀጥል ነው አልክ። እኔ ደሞ እላለሁ ሰው አይናገርም። የከፋ ነገር ሲደርስ የሚያውቀው ሰው አፉ አይከፈትለትም። ሶስተኛው ላይ የሚያገኘው አዲሱ ጓደኛው ካውሩ ነው በመጨረሻ ይዞት ወጥቶ የፈረሰውን ከተማ፣ የቀላውን ምድር ያሳየው፣ እሱ መርዶ ነጋሪው ነው። ፒያኖ አብረው የተጫወቱት፣ የተበላሸችውን የካሴት ማጫወቻውን የጠገነለት፣ መጀመሪያ ካቀረበው በኋላ ነው የነገረው። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው።

የቀበና_ልጅ
እህቴ። ምን እንደምል አላውቅም። ላፕቶፑን ዘግቼ ወጥቼ ተመልሼ ነው የምፅፈው። ያን ፊልም 40 ደቂቃ ላይ ስዘጋው ካውሩ ውጪውን ያሳየበት ጋር ገና አልደረስኩም ነበር። መርዶው ሳይነገረኝ ነው የሄድኩት ማለት ነው።

አዋላጇ
የኔ እህት እግዚአብሔር ያፅናሽ። ወንድምሽ አሁንም አንቱ ይልሻል?

ከጂዳ_መልስ
አይልም፣ አሁን ይሰድበኛል ደስ እያለኝ። አሜን እህቴ።

ሲልቨርስፕሪንግ_77
እህቴ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር፣ የፃፍሽው ልቤ ውስጥ ነው የገባው። እኔም እዚህ ሆኜ የአጎቴን የሰማሁት ከአራት ወር በኋላ ነው፣ ስለዚህ የምትይው ይገባኛል። ግን ልከራከርሽ ፍቀጂልኝ፣ ምክንያቱም ነገሩ አሁን የበለጠ አሳስቦኛል። እኛ መርዶ የምንደብቀው ለመጠበቅ ነው፣ የሚነገረውም ማልደው ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ራስሽን ብትስቺ የሚይዝሽ ሰው ባጠገብሽ ሆኖ። ሚሳቶ ግን አንገቱ ላይ ፈንጂ አስራለች። መደበቁ ይመሳሰላል፣ መያዙ የለም። የኔ ንዴት እዛ ላይ ነው።

ከጂዳ_መልስ
ልክ ነህ፣ መያዙ የለም ሶስተኛው ላይ። ለዛ ነው አራተኛው መጀመሪያ ላይ ያ መንደር የመጣው። ልጁ አይናገርም፣ አይበላም፣ ጥግ ይዞ ተኝቷል። የድሮ የክፍል ጓደኛው ኬንስኬ ቤቱ ያስገባዋል፣ ተነሳ አይለውም፣ ምን ሆንክ አይለውም፣ ምግቡን ያስቀምጥለታል። ሌላው የክፍል ጓደኛው ቶጂ ሐኪም ሆኗል፣ ሚስት አግብቷል፣ ልጅ አለው፣ መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። ይሄ ልቅሶ ቤት ነው። ልቅሶ ስንደርስ እኮ ምንም አንልም፣ ገብተን ዝም ብለን እንቀመጣለን፣ ያ ዝምታ ነው ሰውን የሚያነሳው። ፈንጂውን ደግሞ ሺንጂ ትቷቸው ሲሄድ የሚሳቶ እጅ መጫን አቅቶት እንደነበር ሶስተኛው ላይ አይተሃል፣ ባልደረባዋ ሪትሱኮ ተጫኚው ስትላት አልተጫነችውም።

ሲልቨርስፕሪንግ_77
የእጇ ነገር እውነት ነው፣ አስታወስኩት። ልቅሶ ቤት... ይሄን አላሰብኩትም። ሶስተኛውን ለብቻው አሁንም አልወደውም። ግን ሁለቱን ባንድ ቀን አከታትዬ ላያቸው ነው ቅዳሜ።

ሳይ_ስእል
ያ መንደር ብዙ ነገር አለው በነገራችን ላይ። ስቱዲዮው ካራ፣ አኖ ራሱ በ2006 ያቋቋመው፣ የመንደሩን ትንሽ ሞዴል በእጅ ሰርቶ አስቀምጦ ነው ካሜራ በየት ገብቶ ምን ያያል የሚለውን የፈለጉት። አኖ የስዕል ስቶሪቦርድ ከማውጣት ይልቅ እውነተኛ ሰዎች እንዲተውኑ አድርጎ በካሜራ እየዞረ አንግል እየፈለገ ነው የሰራው። ለዛ ነው ሰው ከበር ኋላ፣ ከማሰሮ ጎን፣ ከሽቦ ስር የሚታየው፣ ማንም ሰዓሊ ቁጭ ብሎ የማይስለው አንግል ነው። እና ሰውዬው ሶስተኛውን ጨርሶ በድብርት ወድቆ እንደነበር ራሱ በ2015 ፅፏል። ያ ጥግ ይዞ የሚተኛው ልጅ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ሳብታይትል_ሰሪ
ሌላ ነገር ላንሳ፣ ስለ ቋንቋ። የቲቪው በ2019 ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ በአዲስ ትርጉም ነበር፣ አድናቂዎቹ በጣም ተናደዱ። ካውሩ ለሺንጂ "ሱኪ" ይለዋል፣ የድሮው እንግሊዝኛ አፈቅርሃለሁ አይነት ነበር፣ አዲሱ ደስ ትለኛለህ አይነት አደረገው። እዛ ላይ ስንት ፀብ ሆነ። እኔ ለጓደኞቼ ወደ አማርኛ ልመልሰው ቁጭ ስል ምንም አልተቸገርኩም፣ "እወድሃለሁ" ብዬ ፃፍኩት። መውደድ የኛ ቃል ሁለቱንም ይይዛል፣ ሻይም እወዳለሁ፣ እናቴንም እወዳለሁ፣ ጃፓንኛውም እንደዛው ነው። ምን አይነት መውደድ እንደሆነ ሰሚው ነው ከሁኔታው የሚያውቀው።

አራተኛው ላይ ደግሞ ሬይን የምትመስለዋ ልጅ ሐይቁ ዳር ሺንጂ ጋር ትሄዳለች፣ እሱ ሁሉም ሰው ለምንድነው እንዲህ ደግ የሚሆንልኝ ብሎ እያለቀሰ ይጮሃል፣ መልሷ ያው ሱኪ የሚለው ቃል ነው። ከ1996 እስከ 2021 ያው አንድ ቃል። አፈቅርሃለሁ ብትለው ይበላሻል፣ ደስ ትለኛለህ ብትለውም ይበላሻል። እዛ ጋር ስደርስ አማርኛ ስለምናገር ደስ አለኝ።

ጨለማው_ሰፈር
ይሄ ሳብታይትል ካለህ እባክህ ላክልኝ። እናቴን ላሳያት እፈልጋለሁ።

ሸገር_አኒሜ
አንድ ጥያቄ ብቻ ይመለስልኝና ዝም እላለሁ። ማሪ ማናት? የቲቪው ላይ የለችም፣ ሁለተኛው ፊልም ላይ ትመጣለች፣ እና ወንድሜ በነገረኝ መሰረት መጨረሻ ላይ የሺንጂን እጅ ይዛ የምትሮጠው እሷ ናት። ሬይና አስካን 25 ዓመት አብረናቸው ኖረን?

የቀበና_ልጅ
ሸገር እኔም ተከፍቼ ነበር እዛ ላይ፣ አልክድህም። ግን ሳስበው ሬይ እሱን እንድትወድ ተደርጋ ነው የተሰራችው፣ አስካም ራሷ እዚህ ፊልም ላይ የቤተሰብ ስሟ እንደ ቲቪው ሶርዩ ሳይሆን ሺኪናሚ ነው፣ አራተኛው ላይ ለምን እንደሆነ ይታወቃል። ማሪ ከውጪ ነው የመጣችው። ያቺ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ዩቤ ከተማ ናት፣ አኖ የተወለደባት፣ ስዕሉ እየቀረ እውነተኛ ከተማ ነው ከላይ የሚታየው። አዋላጇ እትብት ያለችው እዚህም ይሰራል፣ ሰውዬው ታሪኩን ይዞ እትብቱ የተቀበረበት ነው የሄደው። አራተኛውን እየውና ተመልሰህ ተጣላኝ።

ሸገር_አኒሜ
እሺ። ሁለተኛውን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ለአንተ ብዬ ሳይሆን ለጂዳዋ እህት ብዬ።

ፎገራ_ወረታ
ሁላችሁም ስለ ትልልቁ አወራችሁ፣ እኔ የመጣሁት ስለ ሩዙ ልፅፍ ነው። መንደሩ ውስጥ ያቺ ሬይን የምትመስለዋ ልጅ ከሴቶቹ ጋር ጭቃ ውስጥ ገብታ ሩዝ ትተክላለች። እኔ ፎገራ ነው ያደግኩት፣ የኛ ሜዳ ክረምት ላይ ሙሉ ውሃ ነው፣ ሩዝ ነው የምንዘራው፣ የሩዝ ምርምር ማዕከሉ ራሱ ወረታ ነው ያለው። አኒሜ ላይ ሰው ሲበላ አይቻለሁ፣ ሲያርስ አይቼ አላውቅም። ጭቃው እግሯን ሲይዛት፣ ስትወድቅ፣ ሴቶቹ ሳይስቁባት ሲያነሷት። እኛ ጋር ብዙው ገበሬ ዘሩን በእጁ ይበትነዋል እንጂ ችግኙን አፍልቶ እየነቀለ በመስመር አይተክልም፣ መስመሩ ጉልበት ይጨርሳል። እናቴ ግን ሁለት ዓመት በመስመር ሞክራ ነበር፣ ስለዚህ ታውቀዋለች።

ባለፈው እሁድ ስልኬ ላይ ከፍቼ ያንን ክፍል ብቻ አሳየኋት። ሮቦቱን ምናምኑን አላሳየኋትም። መነፅሯን አድርጋ ስልኩን ከፊቷ ራቅ አድርጋ ያዘችው። ማናት ይቺ አለችኝ። እናት አባት የላትም፣ ሰው ናት ወይ ተብሎ የሚጠየቅላት ናት፣ ስም እንኳን የላትም እነሱ ናቸው ስም የሚፈልጉላት አልኳት። ዝም ብላ አየች። ልጅቷ እነዛን ቃላት አንድ በአንድ ስትጠይቅ፣ እንደምን አደራችሁ ምንድነው፣ አመሰግናለሁ ምንድነው፣ ደህና ሁኑ ምንድነው ስትል እየተረጎምኩላት። ከዛ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፣ "አዝመራው ሲደርስ ትኖራለች?" አለች። አትኖርም እማ፣ ከዛ በፊት ትሄዳለች አልኳት።

ስልኩን መለሰችልኝ። ትንሽ ቆይታ ጓዳ ሆና "የተከለችውን ማን አጨደላት?" ብላ ጠየቀችኝ። መንደርተኞቹ ናቸው አልኳት፣ ፊልሙ ላይ ባያሳይም።